የአረፋ ምስክር

ባለፈው ክረምት ላይ ጉንፋን መጣ፣ ሄደ፤
ባዶ እጁን አልወጣም፣ ማሽተቴን ወሰደ።
ከዚያ ወዲህ ለእኔ የዓሣው ወደቡም፣
ዝናብ የነካካው የሽምብጥ መንገዱም፣
የልጄም አንገቱ፣ ሸሚዙም፣ ጠጉሩም፣
አንድ ሆኑ በቃ፤ ውሃ ናቸው ሁሉም።

ለማንም አላልኩም።
ዓይን ቢደክም እንኳ መነጽር ይገዛል፣
ጆሮ ቢከዳ ሰው ጮክ ብሎ ያወጋል፤
«አፍንጫዬ ሞተ» ብል ማን ድንኳን ይጥላል?

ታዲያ አንድ ማለዳ ቡታጋዜን ከፋው፤
ሰማያዊው ነበልባል ቢጫ ሆኖ አረፈው፤
የድስቴን ቂጥ ሁሉ ጥላሸት ለቀለቀው፤
ምዕራፍ «ራሴን» ብሎ ቁርሱን ጀምሮ ተወው።
ጎረቤቴ ይታይሽ ከበራፉ ቆመች፣
«አንቺ! ጋዝ ጋዝ ይላል! አይሸትሽም?» አለች።
ሳቅ ብዬ ዋሸኋት።

ባሌ ጋ ደወልኩ፤ ከጎርጎራው ጀልባ፣ ከሞተሩ ጩኸት መሐል፣
«ክብሪት ጭረሽ አስጠጊ፤ የሚያፈስበቱ ራሱ ይነግርሻል።»
አምናም፣ ካቻምናም፣ እንዲሁ ሲያደርግ ኖሯል።
ክብሪቱን አነሳሁ።
መልሼ አስቀመጥኩት።
ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ሙሉጎጃም መጣች፣ ከቴክኒክና ሙያ የወጣች ልጅ፣
በባጃጅ፣ ቱታ ለብሳ፣ የመፍቻ ቦርሳ በእጅ።
ቫልቩን ዘጋች መጀመሪያ፤ በሩን፣ መስኮቱን ከፈተች፤
ወደ ማብሪያው ስዘረጋ እጄን ለቀም አድርጋ ያዘች።
የባሌን ምክር ብነግራት ራሷን ነቀነቀች፦
«ክብሪት ምስክር አይሆንም፤ ክብሪት ፈራጅ ነው» አለች።

ምድጃው ሲበርድ ፈታችው፤ ክዳኖቹን ሙቅ የሳሙና ውሃ ነከረች፤
መርፌ ላቀብላት ስል፣ «ቀዳዳውን ያሰፋዋል» ብላ ስንጥር አዘዘች።
ከዚያ ከቱቦው ሆድ
አንድ ነጭ ድር ወጣ፣ እንደ ጥጥ፣ የሐይቁን ትንኞች ያቀፈ፣
የአየሩን ደጅ አሽጎ፣ የእሳቱን ትንፋሽ የገፈፈ።
ድር ቢያብር አንበሳ ያስር፤
ለካ እሳትም ያስራል፣ ዝም ብሎ ቢያድር።

«አየር ያጣ እሳት» አለች «ቢጫ ነው፤ ቢጫው ደግሞ መርዝ ይተነፍሳል፤
ሽታ የለውም እሱ፤ አፍንጫ ያለውም የሌለውም እኩል ይተኛል።»

«የሌለውም» ስትል ደነገጥኩ። ሰው የነገራት መሰለኝ።
ነገርኳት። ለእናቴ ልጆች ያልነገርኩትን፣
ለባሌ ያልነገርኩትን፣
ጥቁር እጅ ላላት ለማላውቃት ልጅ።

አልሳቀችም። አላዘነችልኝምም።
ሳሙና በጣሳ መትታ፣ አሮጌ የቀለም ብሩሽ ሰጠችኝ።
ሁሉን መልሳ ገጠመች፤ ቫልቩን ለቀቅ አደረገች።
«ቀቢ» አለችኝ።
ቀባሁ፣ ከሲሊንደሩ አንገት ጀምሬ፣
በስንጥቅጥቁ ጎማ ላይ ቀስ ብዬ፣ ተጠንቅቄ።
ጎማው ብረቱን ከነከሰበት ዘንድ
አረፋ ተነፋ፣ አንድ።
ፈነዳ። ደግሞ ተነፋ፣ ሌላ፣
ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት፣ ጉማሬ ከሥር ሲተነፍስ
ውሃው እንደሚፈላ።
አየሁት።
አፍንጫዬ የደበቀኝን በዓይኔ አየሁት።

አዲስ ጎማ፣ አዲስ ማጥበቂያ። ቀኑን ግድግዳው ላይ በእርሳስ ጻፈች፤
«ይሄም እንደ ወተት ነው፤ ቀን አለው» ብላ ሄደች።

አሁን እሑድ እሑድ ጣሳችንን ይዘን
እኔና ምዕራፍ እንቀባለን።
እሱ ጎንበስ ብሎ ያያል። እስኪናገር ትንፋሼን እይዛለሁ።
«እማዬ፣ ዛሬ ዝም ብሏል።»
መስኮቱን እከፍታለሁ። የጣና ነፋስ ይገባል።
«ምን ምን ይላል?» እለዋለሁ።
«ዓሣ።»
ትንሽ ቆይቶ፣
«ዝናብም።»